እጁን አነሳብኝ

በዕድሜዬ ለብዙ ሰው አስተርጉሜአለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተሳስቻለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን ከስህተቶቼ አንዱም አይደለም። የሚያሳፍረኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ካምፓላ ውስጥ፣ ከምኖርበት ካንሳንጋ ሰፈር አጠገብ ባለ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንዲት ስህተት ሳይገኝበት፣ ቃል በቃል የተረጎምኩት ነገር ነው።

ካምፓላ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጠመኔ ጨብጬ አላውቅም፤ ስሙ ግን ተከትሎኝ መጣ። ያገሬ ሰው ሁሉ «ቲቸር» ይለኛል፤ በዕድሜ የሚያንሱኝ ደግሞ «ጋሼ»። እንጀራዬ ለአንድ ዕቃ አስመጪ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ዋናው ሥራዬ ግን፣ ማንም ሳይሾመኝ፣ የሰው አፍ መሆን ነበር። ልጁን ንቲንዳ ሰፈር ትምህርት ቤት ያስገባ አባት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እኔን ይዞ ይሄዳል። ሙየንጋ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከአሠሪዋ ጋር ካልተግባባች ስልኩ ለኔ ነው። ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል የገጨውም፣ ክሊኒክ የገባውም፣ ፓስፖርቱ የጠፋውም «ቲቸርን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደስታም አልፎ ልቤ አብጦ ነበር።

አንዴ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከአገር ቤት ሳይደውልላቸው ሰንብቶ፣ ሐኪም ፊት ቀርበው «ሆዴ ባባ» አሉ። አብራቸው የሄደችው ጎረቤት «ሆዷን አሟታል» ብላ ተረጎመችላቸውና የጨጓራ ክኒን ይዘው ተመለሱ። ይህን ወሬ ስንት ማዕድ ላይ እንዳወራሁት አልቆጥረውም። ሰው እንባው እስኪፈስ ሲስቅ፣ እኔ ጣቴን ቀስሬ «ቃል በቃል መተርጎም የሰነፍ ሥራ ነው፤ አስተርጓሚ ቃሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚሰማው» እል ነበር። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ በኋላ የሆነውን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ሱቅ ያለው ሰው አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ቅመም ይሸጣል፤ አርባ አልሞላውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ስቃዥ፣ ድምፄ ጠፋ ብሎ በሩን ገፍቶ የገባው እሱ ነው። እንደ ሕፃን በጀርባው አዝሎ አወረደኝ። ቦዳ ላይ በሱና በነጂው መካከል አጣብቆ ሐኪም ቤት አደረሰኝና ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። የሥጋ ወንድም ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ሚስት ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ሆኜ የጠየቅሁለት እኔ ነኝ። ልጅቷ አዲስ አበባ፣ እሱ እዚህ፤ ስለዚህ ሽምግልናው በስልክ ሆነ። እኔና ሌሎች ሁለት ሰዎች በዚያ ሙቀት ኮት ደርበን፣ ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ስልኩን ከሽሮ ጆንያ ላይ አስደግፈን፣ ተሰልፈን ቆምን። ሽማግሌ ቁጭ በሉ ሳይባል አይቀመጥምና የልጅቷ አባት በምስሉ ውስጥ መቆማችንን እስኪያዩ ድረስ ላባችን ይንቆረቆር ነበር። በመጨረሻ «ኧረ ተቀመጡ» አሉንና ተቀመጥን። ከዚያ «እኔ አገሩን አላውቀው፣ ሰውየውን አላውቀው፤ ማንን አምኜ ልስጥ?» አሉ።

«እኔን ይመኑ፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አደራ» አሉ። «አደራዬን የምጠይቀው ከእርስዎ ነው።»

ከጎኔ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በአድናቆት አዩኝ፤ ለኔም አነጋገሬ ያማረ መሰለኝ።

ልጅቷ መጣች። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ የጾም ወጥ በሰሃን ከድና፣ አንድ ፎቅ ወጥታ፣ በሬ ላይ «ጋሼ፣ ቀምሰው ይንገሩኝ» ትለኝ ነበር። እነሱ ከኔ ሥር ናቸው፤ ወለሉ ደግሞ ስስ ነው። የሱ ድምፅ ከፍ ሲል እሰማለሁ። አንድ ነገር ሲወድቅም እሰማለሁ። ያን ጊዜ የማደርገውን ልናገር፤ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርግ ነበር።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ጋ ነኝ። ቋንቋው አላግባባን ስላለ ነው፤ ይምጡልኝ» አለችኝ።

ስደርስ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ጣል አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቀኑ ገና በጠዋቱ የሚያቃጥል ነበር፤ ማንም ሹራብ የሚለብስበት ቀን አልነበረም። ጠረጴዛው ጀርባ መነጽር ያደረገች፣ የተረጋጋች ፖሊስ ወፍራም መዝገብ ዘርግታለች። «እንኳን መጣህ፣ ሙዜ» አለችኝ፤ ሙዜ እዚህ አገር ለሸመገለ ሰው የሚሰጥ ክብር ነው። «ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጣለች። ባሏ ምን እንዳደረጋት ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኋት። ወለሉን እያየች «እጁን አነሳብኝ፣ ጋሼ» አለች።

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እንደሷ ያደገች ሴት «መታኝ» ማለት ይከብዳታል። «ደበደበኝ» ማለትማ ገበናን አደባባይ ማስጣት ነው። «እጁን አነሳብኝ» ትላለች፤ የተነሳው እጅ የት እንዳረፈ ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ሰሚው እኔ ነበርኩ። መጨረሱም የኔ ፋንታ ነበር።

ወደ ፖሊሷ ዞርኩና «ሂ ሬይዝድ ሂዝ ሃንድ» አልኳት።

በእንግሊዝኛ ይህ እጁን ወደ ላይ አደረገ ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ያለው ተማሪ እንደሚያደርገው። ፖሊሷም ግራ ተጋባች። «አነሳ? ከዚያስ? መታት?» አለች። እኔ ወደ ልጅቷ ዞሬ «ከዚያስ ትላለች» አልኩ። የመጨረሻዋን ቃል ዋጥኳት።

«ከዚያማ ምን ይባላል፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የምትለው ነገር የለም» ብዬ ተረጎምኩ።

ፖሊሷ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን ወደ ሹራቡ ጠቆም አድርጋ «ጉዳት አለባት? ጠይቃት» አለች። የሐኪም ቅጹን ከመሳቢያ አውጥታ እጇ ላይ ይዛዋለች። ያ ቅጽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪም አይቶ ከሞላው መዝገብ ይከፈታል፤ ባልየው ይያዛል፤ ጉዳዩ ከቤት ወጥቶ የመንግሥት ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ያየሁት የልጅቷን ክንድ አልነበረም። ያየሁት በጀርባው አዝሎኝ ደረጃውን የሚወርደውን ሰው ነው። ያየሁት ሱቁን ዘግተው በካቴና ሲወስዱት፣ ካንሳንጋ ሁሉ «ቲቸር ወገኑን ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠ» ሲል ነው። ከሁሉ በላይ ያየሁት አባቷ ፊት «ዋሷ እኔ ነኝ» ያልኩትን ራሴን ነው።

ዞር አልኩና «ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት።

ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደምላት፣ በዚያው ዜማ ነው ያልኳት። እሷም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ሌላ ምን ትበል? ያገሬ ሰው ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አልተማረም። ሐዘን ላይ ተቀምጦም፣ አልጋ ይዞም ደህና ነኝ ይመስገን ነው የሚለው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። አውቄም ነው የጠየቅሁት።

«ደህና ናት» አልኩ።

ፖሊሷ ቅጹን ወደ መሳቢያው መለሰችው። «መትቷት ቢሆን ወደ ሐኪም እልካት ነበር። እጅ ለማንሳት ግን ጠርቼ ከማስጠንቀቅ በላይ የምችለው የለም» አለች። በጻፈችው ሥር ልጅቷን አስፈረመቻት። የማታነበው ጽሑፍ ሥር ፈረመች፤ በቀኝ እጇ፤ ግራው ከሹራቡ አልወጣም።

ውጭ ቦዳ ስንጠብቅ «ሁሉንም ነገሩልኝ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«ካልሽው አንድ ቃል አልቀነስኩም» አልኳት። ይህም እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እኔና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ባልየው እግራችን ላይ ወደቀ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ፤ ካንሳንጋ ውስጥ ግን የይቅርታ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከጎን ካለው ግንባታ አንድ ቀይ ጡብ ተለምኖ መጣ። ጡቡን ጫንቃው ላይ አድርጎ ሲያጎነብስ አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ይሄ ቀለለው፣ ሁለት አርጉለት!» አለና ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ባልየው ግን የምሩን ያለቅስ ነበር፤ እንባው የውሸት ነበር ብዬ አሁንም አላምንም። ልጅቷ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አለች። ተሳሳሙ ተባሉ። በአንድ እጇ አቀፈችው። ግራዋ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አየሁት።

ለአባቷ የደወልኩት እኔው ነኝ። «ትንሽ ግጭት ነበረች፤ አስታርቀናል» አልኳቸው። «እርስዎ ካሉማ እሺ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ይመጣ የነበረው ሰሃን ቀረ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ሌላ የለም። የውሃ ጄሪካን በቀኝ እጇ ብቻ ነበር የምታነሳው። ግራ አንጓዋ ሐኪም ሳያየው በራሱ ጊዜ ጠግኖ፣ ትንሽ ጠምሞ ቀርቷል። ለጠየቃት ሁሉ «ከደረጃ ወድቄ ነው» ትላለች። እኔን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ግን ክንዷን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዛ ስትወጣ አያት ጀመር። ካንሳንጋ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሴቶች እንግሊዝኛ ይማራሉ አሉ፤ እዚያ ነው የምትሄደው። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው አንድ ፎቅ ከበላይዋ ይኖራል። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ላስተምርሽ ለማለት ፊት አልነበረኝም።

ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ባልየው ደገመው። የዚያን ጊዜ እኔን አልጠራችም። ብቻዋን ሄዳ፣ በተማረችው እንግሊዝኛ ተናግራ፣ ቅጹን ተቀብላ፣ ሐኪም ዘንድ ቀረበችና መዝገብ አስከፈተች። ከዚያ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ ይዛ ንቲንዳ አንዲት ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። ስሰማ ቀለል አለኝ፤ ያለኔ ጉዳዩ መልክ ያዘ ብዬ።

በሳምንቱ ባልየው በሬን አንኳኳ። በዋስ ተለቆ ነበር። አንድ ፌስታል ቆሎ ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ተቀመጠና ጉልበቴን ያዘ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ነዎት ያዳኑኝ» አለኝ።

«በምን?»

«ጠበቃዬ የያኔውን መዝገብ አስወጣው። አልመታኝም፣ የምለው የለም፣ ደህና ነኝ ብላ ፈርማለች። ያኔ ዋሽታ ከሆነ አሁንም ትዋሻለች ብሎ ሊከራከርልኝ ነው። መዝገቡ ይዘጋል ይላል።»

አልመታኝም አላለችም፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አልተረጎምኩም። ግን ሦስቱ መስመሮች ተሰልፈው ሲነበቡ ሌላ ምን ይላሉ? ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ሄደ። አንድ ፍሬ አልቀመስኩለትም። አንሥቼ እንዳልጥለው ደግሞ ያ ጀርባው ትዝ ይለኛል።

የዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። አንዲት የአገሩ ሴት ጠበቃ በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ያለው የወንጀል ሕግ እንዲጠናከር ሐሳብ ታሰባስባለች፤ እኛንም ልታናግር መጣች። አስተርጓሚው ማን ሊሆን? እኔ። እንቢ ብል ለምን ይሉኛል፤ ኮቴን ለብሼ ከጎኗ ቆምኩ። ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች።

ጠበቃዋ ሐሳቡን አንድ በአንድ አስረዳች። ሴትየዋ ታርቄአለሁ ብትል እንኳ ክሱ እንዳይዘጋ፤ ከሳሿ ደህና ነኝ ብትልም ሐኪም ሳያያት እንዳትመለስ። ተረጎምኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ የድሮ ነጋዴ ተነሥተው «ሕጉ ሲጠብቅ ትዳር ይላላል። ሽማግሌ ምን ሠርቶ ይብላ?» አሉ። አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት ካለችበት ሳትነሣ «ትዳሩማ እጅ ሲሰነዘር ነው የላላው፣ አባባ። ሕጉ የት ነበረና!» አለቻቸው። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ጠበቃዋ ቀጠለች። «ሦስተኛው፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚያስተረጉም ሰው የሠለጠነና ቃለ መሐላ የፈጸመ ይሁን። የባል ወዳጅ፣ ጎረቤት፣ ወይም አስታራቂ ሽማግሌ አይሁን።»

ይህን ወደ አማርኛ መለስኩት። ከፊት ያሉት ሳቁብኝ። «ቲቸር፣ በገዛ አፍዎ ሥራዎን አጡ እኮ!» አለ አንዱ። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ አንዲት እጅ ተነሣች፤ ቀኝ እጅ። ልጅቷ ቆመች።

በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ እየተሰባበረም ቢሆን ይገባል። መጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ልክ ካልሆነ፣ ሊታረም ይችላል ወይ ነው ያለችው። ወደ ጠበቃዋ ብቻ ነው ያየችው። ጠበቃዋ ግን ለሕዝቡ ተርጉም በሚል ዓይን ወደኔ ዞረች።

ተረጎምኩ። ያኔ ከኔ ጋር ያስታረቁት ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት ነበሩ፤ አንደኛው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ይታረማል» አለች ጠበቃዋ። «ያስተረጎመው ሰው ራሱ ሄዶ ቃሉን ከሰጠ። ግን ማን በራሱ ላይ ይመሰክራል?»

ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። ሁለት መቶ በሚሆን ሰው ፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ማን በራሱ ላይ ይመሰክራል?» አልኩ። ልጅቷ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ተነሥቼ ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ። ሰኞ አልሄድኩም። ማክሰኞ ዝናብ ነው አልኩ። ረቡዕ ደብዳቤ በዛብኝ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ሻይ ላይ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ተደወለ። አባቷ ናቸው። ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ «ልጄ ስልክ አላነሳ ብላኝ ነው። ደህና ናት ወይ?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በራሱ የሚወጣ ነገር ነው፤ አሰብ ሳታደርግ ያመልጥሃል። እንደ ምንም ዋጥኩት።

«ደህና አይደለችም» አልኳቸው። «መትቷታል፤ ሁለት ጊዜ። ፊተኛውን አውቄ ነው የደበቅሁዎት። እጇም ተሰብሮ ነበር።»

ቢሰድቡኝ፣ አደራ በላ ቢሉኝ፣ ትንሽ ይሻለኝ ነበር። «ዋሷ ነኝ ብለውኝ አልነበረም?» ብቻ ብለው ዘጉት። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ፖሊስ ጣቢያው ስደርስ ተረኛዋ ያችው ፖሊስ ነበረች። የመጣሁበትን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መነጽሯን አወለቀች። ወንበር ሰጠችኝና ልጅቷ እንድትመጣ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ የድሮውን መዝገብ ፈልጋ አወጣች። ልጅቷ ከንቲንዳ እስክትደርስ ጠበቅን። ገብታ ያችው አግዳሚ ላይ፣ በዚያው ቦታ ተቀመጠች። ሹራብ አልለበሰችም። የጠመመው አንጓዋ ጭኗ ላይ ነበር።

ፖሊሷ መዝገቡን ጮክ ብላ አነበበች። እጁን አነሳ። የምትለው ነገር የለም። ደህና ናት። «እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፣ ሙዜ» አለችኝ፤ ለማሽሟጠጥ አልመሰለኝም። «አሁን ያለችውን ንገረኝ።»

ነገርኳት። መታኝ ነው ያለችው አልኩ። ምን ይባላል ያለችው ለመናገር ስለሚከብድ ነው አልኩ። አንቺ መታት ወይ ብለሽ ጠይቀሽ እኔ ሳልነግራት ቀረሁ አልኩ። ጻፈች። «በዚህ አንተም ልትጠየቅ እንደምትችል ታውቃለህ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ። ፍርድ ቤቱ ይህን ምን ያህል እንደሚቀበለው ግን እሷም አላወቀችም፤ ያኔ ሐኪም ያየው ነገር የለምና አሁን ያለው የኔ ቃል ብቻ ነው ብላኛለች። የኔ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ደግሞ ፊታችን የተዘረጋው መዝገብ ይናገር ነበር።

ፖሊሷ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። «ጉዳት አለባት ወይ ብዬህ ነበር። ታዲያ እንዴት ደህና ነኝ አለች? ምን ብለህ ነው የጠየቅካት?»

ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሰላምታ ነው አልኳት፣ መልሱ የታወቀ ነው አልኳት። አልገባትም። «ያኔ እንደጠየቅካት አድርገህ ጠይቃት፤ ልስማው» አለች።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷን በደንብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በዚያችው ዜማ ለማለት ሞከርኩ፤ ዜማው አልመጣልኝም። ሁለተኛ ሞከርኩ።

«ደህና ነሽ ወይ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የለመደችው መልስ ሲመጣ፣ መልሳ ስትውጠውም አየሁ።

«አይደለሁም» አለች። ጋሼ አላለችኝም።

ፖሊሷ ምን አለች በሚል ወደኔ ዞረች። አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝና በእንግሊዝኛ ራሷ ነገረቻት።